ፍሪሲዮንን ማን አስቀረው?

መኪና መንዳት የተማረ ሰው ሁሉ በመጀመሪያው ቀን የሚሰማት ትእዛዝ አለች፦ «ፍሪሲዮን ርገጥ!» ቀጥላ የምትመጣው ደግሞ «አሁን ቀስ ብለህ ልቀቅ፤ ቀስ አልኩህ እኮ!» የምትለው ናት። መኪናው ይንገጫገጫል፣ ሞተሩ ይጠፋል፣ ከኋላ ያለው ሾፌር ክላክሱን ያስጮኻል። ተማሪው ስለ ግራ እግሩ እንጂ ስለ ቃሉ የሚያስብበት ፋታ የለውም። እኔን ግን ከዓመታት በኋላ ዕረፍት የነሳኝ ቃሉ ነው። ፍሪሲዮን ምንድን ነው? ከየት መጣ? እዚህስ ማን አስቀረው?

የመጀመሪያው ጥያቄ ቀላል ነው። የነዳጅ ሞተር መዞሩን ካቆመ ጠፋ ማለት ነው። ጎማ ግን ሁልጊዜ ሊዞር አይችልም፤ መብራት ይይዘዋል፣ የበግ መንጋ ያቋርጠዋል። ስለዚህ በሁለቱ መካከል ሲፈለግ የሚያጣብቅ፣ ሲፈለግ የሚያላቅቅ ነገር ያስፈልጋል። ከሞተሩ ጋር ተያይዞ የሚዞር ከባድ ክብ ብረት አለ፤ መካኒኮች ቮላኖ ይሉታል። በቮላኖውና ሞላ በሚጫነው ሌላ ሳህን መካከል፣ በሁለቱም ፊቱ ሸራ የለበሰ ስስ ዲስክ ይገባል። ሞላው ሲጫን ዲስኩ ከቮላኖው ጋር ተጣብቆ ይዞራል፤ መሀሉ ላይ ባሉት ጥርሶች በኩልም የካምቢዮውን ዘንግ ያዞራል። በእግራችን ስንረግጥ ሞላው ይሸነፋል፣ ሳህኑ ይሸሻል፣ ዲስኩ ነጻ ይሆናል። በቃ፣ ይኸው ነው። ጠቅላላ ሥራው በሰበቃ ነው፤ ትምህርት ቤት ፊዚክስ ላይ የተማርነው ሰበቃ። የጣልያንኛው ቃልም ትርጉሙ ከዚህ አይርቅም፤ ፍሪሲዮን ማለት ሰበቃ ማለት ነው።

የሁለተኛው ጥያቄ መልስ እንግዲህ ከዚሁ ወጣ፤ ቃሉ የመጣው ከጣልያን ነው። ችግሩ ሦስተኛው ላይ ነው። ስንቱን ሰው ጠይቄ የማገኘው መልስ አንድ ዓይነት ነው፦ «ጣልያን ጥሎልን ሄደ።» መንገዱን ጥሎልን ሄደ፣ ድልድዩን ጥሎልን ሄደ፣ ማኪያቶውን ጥሎልን ሄደ፣ ፍሪሲዮኑንም እንደዚያው። ይህ አባባል አይዋጥልኝም። ድልድይ ተጥሎ ቢሄድ ባለበት ይቆማል። ቃል ግን ተጥሎ አይቆምም፤ የሚያነሳው ከሌለ በወጣበት አፍ ይቀራል። ታዲያ ያነሳው ማን ነው? የጋራዥ አማርኛ መልሱን ይዞታል ብዬ አምናለሁ።

*

እስቲ አንድ መኪና ከፊት ወደ ኋላ እንቁጠር። ከፊት ፓራውልት አለ፣ ከላዩ ኮፈን። ኮፈኑ ሲከፈት ቴስታታ፣ ካንዴላ፣ ጓርኒሲዮን። ሞተሩ ውስጥ ፋሻና ኮላዶካ። ከሥር ካምቢዮ፣ ሴሚያስ፣ ባሌስትራ። በጎን ስፖርቴሎና ፍሬቻ። ከላይ ፖርቶ መጋላ፤ ከኋላ ማርሚታ፣ ሳልባትዮ፣ ታርጋ። ጎማው ውስጥ ካላማዳሪያ። የመሥሪያ ዕቃውም እንደዚያው ነው፦ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ክሪክ። የሚጠብቀው ብሎንና ዳዶ ነው፣ የሚቀባው ግራሶ። ጎማ የሚሠራው ጎሚስታ፣ የተጨረማመተ የሚያቃናው ባትላሜራ ይባላል።

አሁን አንድ ጣልያን መጥቶ ይህን ዝርዝር ቢሰማ ግማሹ ላይ ግራ ይጋባል። እሱ የሚያውቀው ፓራኡርቲ ነው፤ የእኛው ፓራውልት ሆኗል። ሰርባቶዮ ሳልባትዮ ሆኗል። ፖርታባጋሊ ፖርቶ መጋላ ሆኗል። ካሜራ ዳሪያ፣ «የአየር ክፍል» ማለት ነው፣ ካላማዳሪያ ሆኗል። ኮሎ ዶካ፣ የብረቱ መጠማዘዝ የዝይ አንገት መስሏቸው ያወጡለት ስም ነው፣ እኛ ዘንድ ዝይውም አንገቱም ተረስቶ ኮላዶካ ተብሎ ቀርቷል።

ይህን መጣመም እንደ ስህተት የሚያይና የሚያፍርበት ሰው አለ። እኔ እንደ ሰነድ ነው የማየው። ከመጽሐፍ የተማረ ሰው ቃሉን በፊደሉ ይይዘዋል፤ ቢያዛባ እንኳ የሚመለስበት ጽሑፍ አለው። ካላማዳሪያ ግን በወረቀት አልመጣም፤ በጆሮ ነው የመጣው። አንድ ሰው ከመኪና ሥር ተኝቶ ጮኾ አዘዘ፣ አንድ ልጅ ሰማ፣ ሮጦ ዕቃውን አመጣ። ትክክለኛውን ካመጣ ቃሉን ያዘ፤ ሌላ ካመጣ ተሰድቦ ተመለሰ፣ እንደገና ሄደ። በነጋታው ከእሱ በኋላ ለተቀጠረው ልጅ በራሱ አፍ አስተማረው። ሰርባቶዮን ሳልባትዮ ያደረገው የዚያ ልጅ አፍ ነው። ስሙን የጻፈው የለም። አፉ ግን እስከ ዛሬ በየጋራዡ ይሰማል።

*

ቃላቱ የመጡት በአንድ ጊዜ አይደለም። ጉድጓድ ሲቆፈር እንደሚታየው የአፈር ንብርብር እያንዳንዱ ዘመን የራሱን አስቀምጧል።

ከሁሉም በታች ያለው የዐፄ ምኒልክ ዘመን ነው። አርመናዊው ሰርኪስ ተርዚያን በእንፋሎት የሚሠራ የመንገድ መዳመጫ አዲስ አበባ ሲያስገባ ሕዝቡ «የሰርኪስ ባቡር» አለው። በ1900 ዓ.ም. ገደማ ደግሞ ቤንትሊ የሚባል እንግሊዛዊ አውቶሞቢል ከጠረፍ ተነስቶ፣ መንገድ በሌለበት፣ አዲስ አበባ አደረሰ፤ ንጉሠ ነገሥቱም ተሳፈሩበት። የታሪክ መጻሕፍት ይህን ይነግሩናል። ማን አስመጣው፣ ማን ተሳፈረበት፣ በዚህ አይሳሳቱም። ሲበላሽ ማን እንደፈታው ግን አይነግሩንም፤ ታሪክ አጻጻፋችን ተሳፋሪ ይቆጥራል እንጂ ጠጋኝ አይቆጥርም።

የሚያስጠግን ነገር ደግሞ ሞልቶ ነበር። በዚያ ዘመን የብዙ መኪኖች ፍሪሲዮን እንደ ዛሬው ጠፍጣፋ አልነበረም። ቆዳ የለበሰ ሾጣጣ ብረት ጎድጓዳ በሆነ ሌላ ብረት ውስጥ እየገባ ነበር የሚይዘው። ቆዳው ሲደርቅ ዘይት ይጠጣል። ዘይት ሲበዛበትና ሲንሸራተት ደግሞ ሾፌሩ ዘይት የሚመጥ የሸክላ ዱቄት ይነሰንስበታል። ከሞተር ጥገና ይልቅ ኮርቻ እንደመንከባከብ ያለ ሥራ ነው። ከዚያ ጠፍጣፋው ዲስክ ቀስ በቀስ ሾጣጣውን ተካው፤ ቆዳውም ቀረ።

ሁለተኛው ንብርብር ፈረንሳይኛ ነው። ባቡሩ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲደርስ ቋንቋው ከጅቡቲ አብሮት ተሳፍሮ መጣ። «ላ ጋር» ያሉት ጣቢያ ለገሃር ሆኖ ቀረ። ሾፌርም ጋራዥም ከዚያው ቋንቋ ናቸው። ልብ በሉ፤ ፈረንሳይኛው የሰየመው ነጂውንና ቤቱን ነው። የመኪናውን ሆድ ዕቃ አልነካውም። ምክንያቱ ለእኔ ግልጽ ነው። መኪና በጣት በሚቆጠርበት ዘመን የሆድ ዕቃውን ስም ማወቅ የሚያስፈልገውም ሰው በጣት የሚቆጠር ነው። ሆድ ዕቃው ስም የሚያገኘው ብዙ እጅ ሲገባበት ነው። ብዙ እጅ የገባበት ደግሞ በሦስተኛው ንብርብር፣ በወረራው ጊዜ ነው።

*

ፋሽስት ኢጣልያ ይህን አገር የወረረው በአውሮፕላንና በመርዝ ጋዝ ብቻ አይደለም፤ በካሚዮንም ነው። ፊያትና ላንቺያ ወታደር ጫኑ፣ ስንቅ ጫኑ፣ ድንጋይና ሲሚንቶ ጫኑ። ከአዲስ አበባ ወደየአቅጣጫው መንገድ ተቀየሰ፣ ጣርማ በር ላይ ተራራው ተፈልፍሎ ዋሻ ወጣው። መንገድ ካሚዮን ይፈልጋል፣ ካሚዮን ጋራዥ ይፈልጋል፣ ጋራዥ እጅ ይፈልጋል።

እጅ ይፈልጋል እንጂ መካኒክ እናፍራ ያለ አልነበረም። ያ አገዛዝ እ.ኤ.አ. በ1937 ጣልያናዊ ወንድ ከአገሬው ሴት ጋር እንደ ባልና ሚስት እንዳይኖር በሕግ የከለከለ፣ በ1939 ደግሞ «የዘርን ክብር» ለማስጠበቅ ሌላ ሕግ የጨመረ ነው። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ሕዝብ የጨፈጨፈውም እሱው ነው። ለአገሬው ልጅ የታሰበለት ሥራ መሸከም፣ ማጠብ፣ ማቀበል ነው። ስለዚህ «ጥሎልን ሄደ» ስንል እናስተውል። አስቦበት ለሰጠ ሰው የሚባለውን ነገር ላልሰጠ ሰው እያልን ነው። ሳይሰጥ የተወሰደ ነገር ሌላ ስም አለው፤ ቀስሞ መውሰድ ይባላል።

ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ አዲስ አበባ ሲገቡ ሕዝቡ ክፉን በክፉ እንዳይመልስ አዘዙ። እንግሊዞች ጣልያኖቹን ከአገር ለማስወጣት ሲጣደፉ መንግሥት ሙያ ያላቸው እንዲቀሩ ይፈልግ ነበር፤ ጥቂት የማይባሉትም ቀሩ። የቀሩት ሰዎች ጋራዥ፣ ቶርኖ ቤት፣ እንጨት ቤት ከፈቱ። ጣልያን ከ1882 ዓ.ም. ጀምሮ ቅኝ ከያዛት ከኤርትራም የተካኑ መካኒኮች መጡ። ያው ጋራዥ ነው፣ ያው ካቻቢቴ ነው፣ ነገር ግን ሥልጣኑ ተለወጠ። ጣልያኑ አሁን ገዢ ሳይሆን ደንበኛ ጠባቂ ነጋዴ ነው። ካሚዮኑ የኢትዮጵያዊ፣ ሹፌሩ ኢትዮጵያዊ፣ ረዳቱም ኢትዮጵያዊ ሆነ።

ቋንቋው ከዚያ በኋላ ነው ሥር የሰደደው። በኋላ የመጣው ፊያት 682 ኤን 3 «ኤንትሬ» ተባለ፤ ትሬ በጣልያንኛ ሦስት ነው። ታክሲ የነበረችው ትንሿ ፊያት 600 ደግሞ «ሴይቼንቶ» ተባለች፤ ስድስት መቶ ማለት ነው። የሕዝቡ አፍ ቁጥሩን እንኳ ሳይተረጉም ወሰደው። ይህ ሁሉ የሆነው ጣልያን አገር ሲገዛ አይደለም፤ ከተሸነፈ በኋላ ነው። ያስገደደን ሰው አልነበረም። ሥራው ስለሚፈልገው ያዝነው።

*

ነገሩን ጎልቶ የሚያሳየኝ ቮልስ ነው። ቮልስዋገን ጀርመናዊ ነው። ፈርዲናንድ ፖርሸ ለሂትለር መንግሥት የነደፈው፣ ለፋብሪካው የመሠረት ድንጋይ እ.ኤ.አ. በ1938 የተጣለለት፣ ከጦርነቱ በኋላ በእንግሊዝ ጦር አስተዳደር ሥር እንደገና መመረት የጀመረ መኪና ነው። የመጨረሻው ሜክሲኮ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2003 ሲወጣ በዓለም ዙሪያ ከ21 ሚሊዮን በላይ ተሠርቷል። በ1950ዎቹና በ60ዎቹ አዲስ አበባን ሞልቷት ነበር፤ የመምህሩም፣ የሐኪሙም፣ የቢሮ ሠራተኛውም መኪና እሱ ነው።

አስቡት እንግዲህ። ሂትለር ያሠራው መኪና ሙሶሊኒ በሚናገረው ቋንቋ ይፈታል፤ የሚፈታው ደግሞ ሁለቱም ከሰው ያልቆጠሩት ሰው ነው። በየግቢው፣ በየዛፉ ጥላ ሥር፣ ለአርባና ለሃምሳ ዓመት የሆነው ይህ ነው።

መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከዙፋን ሲወርዱ ከቤተ መንግሥት የወጡት በቮልስዋገን ነው። ይህን የማያውቅ የለም። በዚያ ዘመን ታሪክ ውስጥ ከገቡት መኪኖች ሁሉ የታወቀው እሱ ነው፤ የገባውም በተሳፋሪው ነው። እኔ ስለዚያች ቀን በተነሳ ቁጥር የሚመጣብኝ ሐሳብ ግን ሌላ ነው። ያ መኪና በዚያ ጠዋት ሲነሳ ፍሪሲዮኑ ያዘ። ሳይንሸራተት ያዘ። የሆነ ቀን፣ የሆነ ሰው በደንብ ገጥሞት ነበር።

*

በደንብ መግጠም ምን ማለት እንደሆነ ያየሁት ከሃያ ዓመት በፊት ገደማ ግቢያችን ውስጥ ነው። እኛም ቤት አንድ አሮጌ ቮልስ ነበር። ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ሲወጣ ሞተሩ ይጮኻል፣ መኪናው ግን አይሄድም። ለሚያውቅ ሰው ምልክቱ ግልጽ ነው፤ ከቮላኖው ጀርባ ያለው የዘይት መከላከያ ጎማ አልቆ ዘይቱ የፍሪሲዮኑን ሸራ አርሶታል። በሰፈራችን አንድ ሽማግሌ መካኒክ ነበሩ፤ በልጅነታቸው አንድ ጣልያን ጋራዥ ተቀጥረው ነው ሥራ የጀመሩት። «ቮልስ ደግሞ ለዚህ ጋራዥ ይሄዳል እንዴ? ክሪክና አራት ሰው ይበቃዋል» አሉ።

እውነታቸውን ነው። የቮልስ ሞተር ከኋላ ነው፤ ከካምቢዮው ጋር የሚያዘውም በአራት ቦታ ብቻ ነው። የኋላው ከፍ ይደረጋል፣ የነዳጅ ጎማውና ሽቦዎቹ ይላቀቃሉ፣ ክሪክ ከሥሩ ይገባል፣ አራቱ ይፈታሉ፣ መቶ ኪሎ ገደማ የሚመዝነው ሞተር ወደ ኋላ ተስቦ ይወርዳል። ከዚያ ቮላኖውን የያዘው አንድ ትልቅ ዳዶ፣ 36 ቁልፍ የሚፈልግ፣ በረጅም የብረት ቱቦ እየተጎተተ ይፈታል። ጎማው ተለወጠ፣ አዲስ ዲስክ ተገዛ።

ጋሼ ከሳጥናቸው አንድ ክንድ የማይሞላ ዘንግ አወጡ፤ ከሞተ ካምቢዮ የተቆረጠ ነው። ዲስኩን ዘንጉ ላይ ሰክተው፣ የዘንጉን ጫፍ ከቮላኖው መሀል ባለችው ትንሽ ኩሽኔታ ውስጥ ከተቱ። የሳህኑን ብሎኖች ያጠበቁት ከዚያ በኋላ ነው፤ እዚህ ትንሽ፣ ማዶ ትንሽ፣ እየዞሩ። «ዐይን ይሸውዳል» አሉኝ። «ዲስኩ መሀል ላይ ካልተቀመጠ የካምቢዮው ዘንግ ኩሽኔታዋን አያገኛትም። ዘንግን የሚለካው ዘንግ ነው።»

ሞተሩን ስንመልስ ገባ፣ ገባ፣ ሁለት ጣት ሲቀረው ቆመ። ገፋን። ነቀነቅን። ላብ በላብ ሆንን፤ ወይ ፍንክች! አንዱ ጎረቤት «ብሎኑን አስገቡና አጥብቁት፣ ራሱ ስቦ ያስገባዋል» አለ። ጋሼ ቁልፉን ከእጁ ተቀበሉት።

«እሱስ ይስበዋል። ጥርስና ጥርሱ ሳይገናኝ ከሳበው ግን የሚበላሸው የዲስኩ መሀል ነው፤ ወይ የካምቢዮው ጆሮ ይሰነጠቃል። ብሎን የገባውን ይይዛል እንጂ ያልገባውን አያስገባም።»

ከዚያ ማርሽ እንዲገባና የእጅ ፍሬን እንዲያዝ አዘዙ፤ የካምቢዮው ዘንግ እንዳይዞር ነው። እኔን ቺንጋው የሚጠመጠምበትን ክብ በቁልፍ በጥቂት በጥቂቱ እንዳዞር አደረጉኝ። ሞተሩ ሲዞር ዲስኩ አብሮት ይዞራል፣ ጥርሱም የዘንጉን ጥርስ ይፈልጋል። እሳቸው በዚህ ጊዜ በሞተሩና በካምቢዮው መካከል የቀረውን ክፍተት ዙሪያውን በጣታቸው ይዳስሱ ነበር። ከላይ ሰፊ፣ ከታች ጠባብ ነው፤ የሞተሩ የኋላ ጫፍ ዘቅዝቋል ማለት ነው። «ኋላውን ቀና አድርጉት። ፒያኖ፣ ፒያኖ» አሉ። አንድ ሕፃን «ፒያኖው የታለ?» ብሎ ሁላችንንም አሳቀን። በጣልያንኛ ቀስ ማለት ነው። ክፍተቱ ዙሪያውን እኩል ሲሆን እኔም አንድ ጥርስ ታህል አዞርኩ፤ ሞተሩ «ጧ» ብሎ ገባ። ገፋነው ለማለት ይከብዳል፤ ራሱ ነው የገባው።

እጃችንን በነዳጅ እየታጠብን «ጋሼ፣ ይህን ማን አስተማረዎት?» አልኳቸው።

«ማን ያስተምረኛል? ጣልያኑ ሲሠራ መብራት የምይዝለት እኔ ነበርኩ» አሉኝ።

ለሦስተኛው ጥያቄዬ ከዚህ የተሻለ መልስ አላገኘሁም። ፍሪሲዮንን ያስቀረው መብራት የያዘው ልጅ ነው። የታዘዘው እንዲያበራ ነበር። እሱ ግን እያበራ አየ።

*

መብራት የያዘው ልጅ አድጎ ምን እንደሠራ ለማወቅ የደርግን ዘመን ማስታወስ ይበቃል። ነዳጅ በኩፖን ሆነ፣ የውጭ ምንዛሪ ጠፋ፣ መለዋወጫ ብርቅ ሆነ። አዲስ ዲስክ ሲጠፋ አሮጌው ዲስክ ሸራው ተነቅሎ ሌላ ሸራ በመዳብ ሪቬት ይመታበታል። የተቧጠጠው ቮላኖ ቶርኖ ቤት ገብቶ ፊቱ ይላጋል። የከተማው ታክሲ፣ የገጠሩ እህል ጫኝ በዚህ ዓይነት ነው የቆየው። መኪናው የሚበቃውን ዕድሜ ጨርሶ ከዚያ በላይ ሲኖር ተጨማሪውን ዕድሜ የሰጡት እነዚህ እጆች ናቸው።

ይሁን እንጂ ይህን እውቀት ማመስገን ብቻ ትክክል አይመስለኝም፤ ዋጋም አስከፍሏል። ዋጋው ያለው ደግሞ በጣልያንኛው ቃል ውስጥ ሳይሆን በአማርኛው ነው፤ ሸራ በሚለው።

ፍሬንና ፍሪሲዮን ላይ የሚለጠፈውን ነገር ለምን ሸራ አልነው? እንደምገምተው ሸራ ስለነበረ ነው። እንግሊዛዊው ኸርበርት ፍሩድ እ.ኤ.አ. በ1897 ፌሮዶ የተባለውን ድርጅት ሲጀምር የጋሪ ፍሬን ላይ የሚለጥፈው ከጥጥ የተሸመነ ጨርቅ ነበር። ጥጥ ግን ሙቀት አይችልም። ስለዚህ እ.ኤ.አ. በ1908 በጥጡ ፋንታ አስቤስቶስ ገባ፤ እንደ ጥጥ የሚፈተል፣ እንደ ጨርቅ የሚሸመን፣ እሳት የማይበላው ድንጋይ። ተአምር ነበር የመሰለው። ለአብዛኛው 20ኛ ክፍለ ዘመን በዓለም ላይ የነበረ የፍሬንና የፍሪሲዮን ሸራ በብዛት ከእሱ ነው የተሠራው።

የአስቤስቶስ ብናኝ ሳንባ ውስጥ ከገባ አይወጣም፤ ከብዙ ዓመታት በኋላ የሳንባ ካንሰርና ሌላ የከፋ በሽታ ያመጣል። ጀርመን እ.ኤ.አ. በ1993 ከለከለችው፣ ብሪታንያ በ1999፣ የአውሮፓ ኅብረት በሙሉ በ2005። ጋራዥ ውስጥ ደግሞ ካምቢዮ በወረደ ቁጥር የሚጠብቀው ያ ጥቁር ብናኝ ነው። የሚጸዳውም በአፍ «እፍ» ተብሎ ወይም በኮምፕሬሰር አየር ተነፍቶ ነው። ጋሼም «እፍ» ብለውታል፤ አጠገባቸው ቆሜ ነበር።

በጆሮና በዐይን የሚተላለፍ እውቀት ክፍተቱ እዚህ ላይ ነው። የተሰበረ ጥርስ ይታያል፣ የላላ ብሎን ይሰማል፣ የተቃጠለ ሸራ ይሸታል። ሠላሳ ዓመት ቆይቶ የሚገድል ብናኝ ግን አይታይም፣ አይሰማም፣ አይሸትም። ማስጠንቀቂያው የመጣው በወረቀት ነው፤ ጋራዡ ደግሞ የሚማረው ከወረቀት አልነበረም። መብራት የያዘው ልጅ ያየውን ሁሉ ወሰደ፤ መብራቱ የማያሳየውን ማንም አልነገረውም። ቃሉን ይዘን ሰዎቹን ስንረሳ የምንረሳው ይህን ጭምር ነው።

*

አሁን ደግሞ አዲስ ንብርብር እየመጣ ነው። በአውቶማቲክ መኪና ፍሪሲዮን የሚረገጥበት ነገር ከወጣ ቆይቷል። ኢንጀክተሩ፣ ሴንሰሩ፣ ስካነሩ በእንግሊዝኛ ስማቸው ገብተዋል። በጥር 2016 ዓ.ም. መንግሥት ከኤሌክትሪክ በስተቀር ሌላ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ መከልከሉን አስታወቀ። የኤሌክትሪክ ሞተር ከቆመበት ነው የሚነሳው፤ መኪናው ሲቆም እሱም ቢቆም አይጠፋም። ማጣበቅም ማላቀቅም አያስፈልገውም። ፍሪሲዮን የሚባል ነገር የለውም፣ ቦታውም የለውም።

አላዝንም። ከብናኙ ጋር ስለሚሄድ አላዝንም። የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። የድሮው ጋራዥ ክፉ ነበር፣ ልጁ ይሰደብ ነበር፣ ይደበደብ ነበር፤ ግን አንድ ነገር አይከለከልም ነበር፦ ማየት። ዕቃው ይፈታል፣ መሬት ላይ ይዘረጋል፣ ሁሉም ያየዋል። አዲሱ መኪና ሲበላሽ ኮምፒውተር ይሰካበታል። የተበላሸው ፕሮግራም ከሆነ ቁልፉ ያለው ሠሪው ኩባንያ እጅ ነው። የዛሬው ልጅ መብራቱን ቢይዝም ምን ያያል? የጥያቄው ክብደት በፍሪሲዮን ላይ አይደለም፤ ያልሰጡንን መውሰድ የቻልንበት መንገድ ክፍት ሆኖ ይቆያል ወይ ነው።

እስከዚያው ግን የሚሠራ ሥራ አለ። የቤተ መንግሥት መኪኖችን ታሪክ የሚጽፍ አይጠፋም። መብራት ይይዙ የነበሩት ሰዎች ግን እያለቁ ነው። አሁንም በየሰፈሩ ከእንጨት አግዳሚ ላይ ተቀምጠው ፀሐይ የሚሞቁ አሉ። ከማን ጋራዥ ጀመሩ፣ ስንት ይከፈላቸው ነበር፣ የትኛውን ቃል ከማን ሰሙ፣ ማን ሳል ይዞት ሞተ፣ ይህን ሁሉ ያውቃሉ። ማንም ስለማይጠይቃቸው አይናገሩም። መቅረጸ ድምፅ በየኪሳችን አለ። አንድ ከሰዓት በኋላና ሁለት ሻይ ነው የሚፈጀው።

ቃላቱን በተመለከተ ብዙም አልሰጋም። ፍሪሲዮን ይሄድ ይሆናል፤ ካንዴላና ማርሚታም ይከተሉታል። አዲሱ ኤሌክትሪክ መኪና ግን ታርጋ አለው፣ ፍሬቻ አለው፣ ስፖርቴሎና ፓራውልት አለው። የአዲስ አበባ መንገድ ላይ እስከሄደ ድረስም አንድ ቀን መገጨቱ አይቀርም። ያን ጊዜ ባለቤቱ ይዞት የሚሄደው ባትላሜራ ጋ ነው።